እጃችሁ ወዙን ሲያጣ፦ የደረቀና የተቆጣ የእጅ ቆዳን እንዴት እንመልሰው?

እስቲ ዛሬ እጃችሁን ስንት ጊዜ እንደታጠባችሁ ቁጠሩ። ዕቃ ያጠባችሁበትን፣ ልብስ ያሻችሁበትን፣ ወለል የወለወላችሁበትን፣ ከመጸዳጃ ቤት የወጣችሁበትን ሁሉ ጨምሩት። ከዚያ ደግሞ ስንት ጊዜ ቅባት እንደተቀባችሁ ቁጠሩ። ብዙዎቻችን ጋ የመጀመሪያው ቁጥር አሥርን ያልፋል፣ አንዳንዱ ሰው ጋ ሃያና ሠላሳ ይደርሳል። ሁለተኛው ግን አንድ ነው። እሱም ማታ ትዝ ካለን። የደረቀ እጅ ችግር በአብዛኛው ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ነው።

ይህን ያወቅኩት ከራሴ እጅ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች ሰሞን ጡጦ ማጠብ፣ ጨርቅ ማጠብ፣ እሷን ከማንሳቴ በፊት መታጠብ፣ ካነሳኋት በኋላ መታጠብ ነበር ሥራዬ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አይበሉባዬ ቀላ። ከዚያ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተሰነጠቀና ውሃ በነካው ቁጥር እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር። ሦስት ዓይነት ክሬም ገዛሁ፣ ሦስቱም አልሠሩልኝም ብዬ ተውኳቸው። ጥፋቱ ግን የክሬሞቹ አልነበረም። ቀን ሙሉ እያጠብኩ ያነሳሁትን ወዝ ማታ አንዴ ተቀብቼ ልመልሰው መሞከሬ ነበር። ስለዚህ እዚህ የምጽፍላችሁ ስለ ቅባት ብቻ አይደለም። ከቅባቱ በፊት ስለ ውሃውና ስለ ሳሙናው ነው።

እጅ ለምን ይደርቃል?

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ተደራርበው የተሠራ ነው። ሴሎቹን እንደ ጡብ አስቧቸው። በጡቦቹ መሃል እንደ ጭቃ ሆኖ የሚያያይዛቸው ስብ አለ፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉ የስብ ዓይነቶች ናቸው። ጭቃው ሙሉ ሲሆን ከውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ አያልቅም፣ ከውጭ ያለው ሳሙና፣ ኬሚካልና ጀርምም በቀላሉ አይገባም። ሳሙና ደግሞ ሥራው ስብ ማንሳት ነው። የሳህኑን ቅባትና የእጃችሁን ወዝ ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

እጅ ላይ ችግሩ የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። መዳፍ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ጭራሽ የሉትም። ፊታችን ከታጠብን በኋላ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ወዙን ይመልሳል፣ መዳፍ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። አይበሉባ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው፤ ለብርድም ለነፋስም ለፀሐይም ቀድሞ የሚጋለጠው እሱ ነው። በዚህ ላይ የቆዳችን ገጽ በተፈጥሮው ትንሽ ወደ አሲድነት ያደላል፣ ፒኤች የሚባለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። በታጠባችሁ ቁጥር ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይመለስ ደግማችሁ ካጠባችሁት ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ውሃ ራሱ ያደርቃል። ሳሙና የሌለበት ንጹሕ ውሃ እንኳ እጃችሁን ለረጅም ሰዓት ከነከራችሁበት ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፣ ሲተን ደግሞ ከውስጥ ያለውን እርጥበት ይዞ ይወጣል። ሙቅ ውሃ ከሆነ ስቡን ያቀልጥና ጉዳቱን ያፋጥነዋል። በሙያ ጤና ላይ የሚሠሩ ሰዎች በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እጁ ውሃ ውስጥ የሚቆይን ወይም ከሃያ ጊዜ በላይ የሚታጠብን ሰው ለእጅ ቆዳ መቆጣት ተጋላጭ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ነርሶች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ጽዳት ሠራተኞችና ሕፃን የያዙ ወላጆች ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። እኔም ሳላውቀው እዚህ ውስጥ ነበርኩ።

መጀመሪያ እጃችሁን አንብቡት

ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጡና እጃችሁን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ቦታው ብዙ ይናገራል።

መቅላቱና መላጡ ቀለበት ሥር ከጀመረ፣ ሳሙና ከቀለበቱ ሥር ገብቶ ሳይታጠብ እየቀረ ነው። ቀለበቱን አውልቃችሁ ታጠቡ፣ እሱንም እጠቡት፣ እስኪድን ድረስ ባታደርጉት ይሻላል። የጣቶች መሃል ከሆነ ምናልባት ሳሙናው በደንብ አልተለቀለቀም ወይም ውሃው በደንብ አልደረቀም። የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ ብቻ፣ ያውም በምትሠሩበት እጅ በኩል ከሆነ፣ በእነዚያ ጣቶች ዘወትር የምትይዙት ነገር ምንድነው? ነጭ ሽንኩርት ሲላጥ፣ ስፖንጅ ሲጨመቅ፣ ሙጫ ወይም ቀለም ሲያዝ የሚነካው እዚያ ነው። መቅላቱ ጓንቱ የሚያልቅበት አንጓ ላይ መስመር ሠርቶ ከቆመ ደግሞ ጓንቱን ራሱን ጠርጥሩት።

ከዚያ ጊዜውን አስቡ። ዕረፍት ስትወጡ ይሻለዋል? ሥራ ስትመለሱ ይብሳል? አዲስ የዕቃ ሳሙና የቀየራችሁት መቼ ነው? ይህን ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ ላይ እየመዘገባችሁ ብትቆዩ ከማንኛውም ክሬም የበለጠ ይጠቅማችኋል። በኋላ ሐኪም ጋ ብትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

አስተጣጠብ

መታጠብ ተዉ አልልም። እጅ መታጠብ በሽታ የሚከላከል ትልቅ ነገር ነው። ግን ቆዳን ሳይጎዱ መታጠብ ይቻላል።

ውሃው ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ ጀርም የበለጠ ያጠፋል የሚባለው እጃችን ሊችለው በሚችለው ሙቀት ላይ እውነት አይደለም፤ ጀርሙን የሚያነሳው ሳሙናውና መታሸቱ ነው፣ ሃያ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሳሙናው ብዙ መሆን የለበትም። ሽታ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ከተቻለ "ሳሙና አልባ" የሚባለው የመታጠቢያ ፈሳሽ ቢሆን ጥሩ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጅ መታጠቢያ አይደለም። ገንዳው አጠገብ ስላለ ብቻ እሱን እየጨመቅን የምንታጠብ ሰዎች ብዙ ነን፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ተዉት። ፀረ ጀርም ተብሎ የሚሸጠው ሳሙናም ለቤት አያስፈልግም።

ስትለቀለቁ ጊዜ ስጡት። የሳሙና ርዝራዥ እጅ ላይ ከቀረ መቆጣቱ ይቀጥላል። ስታደርቁ አትሹ፣ በፎጣ ተጫን ተጫን አድርጉት። የጣቶችን መሃል አትርሱ። እርጥብ እጅ ይዞ ነፋስ ውስጥ መውጣት ቆዳን ለመሰንጠቅ ሁነኛ መንገድ ነው።

እና ወዲያው፣ እጁ ገና እርጥበት ሳለበት፣ ቅባት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ከደረቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀባ ክሬምና ከታጠባችሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተቀባ ክሬም እኩል አይሠሩም፤ ሁለተኛው ቆዳው የጠጣውን ውሃ እዚያው ይዞ ያስቀረዋል፣ የመጀመሪያው ግን ውሃው ከሄደ በኋላ በር እንደመዝጋት ነው።

ስለ ሳኒታይዘር አንድ ነገር ላንሳ። የተሰነጠቀ እጅ ላይ ሲያርፍ ስለሚለበልብ ሰው ሁሉ የሚያደርቀው እሱ ነው ብሎ ይሸሸዋል። መለብለቡ ግን ቆዳው ቀድሞ መጎዳቱን ነው የሚነግራችሁ። ግሊሰሪን ያለበት የአልኮል ሳኒታይዘር ከሳሙናና ከውሃ ይልቅ ቆዳን የሚጎዳው ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ስቡን ከላይ ቢያላላውም በውሃ ታጥቦ እንዲሄድ አያደርግም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የሳኒታይዘር ቀመር ውስጥ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን የተጨመረው ለቆዳው ተብሎ ነው። ስለዚህ እጃችሁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት፣ ከመጸዳጃ ቤትም ካልመጣችሁ፣ ሳኒታይዘሩ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ክፍት ስንጥቅ ካለ ግን መጀመሪያ በፕላስተር ሸፍኑት።

ጓንት፣ ግን በደንቡ

የቀዶ ሕክምና የጎማ ጓንት የተለመደው በተቆጣ እጅ ምክንያት መሆኑን ታውቃላችሁ? በ1889 ገደማ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ሆልስቴድ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። አብራው የምትሠራው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን ለጀርም ማጥፊያ በሚጠቀሙበት የሜርኩሪ ውህድ የተነሳ እጇ ክፉኛ ተቆጣ፣ ሥራውን ልትተው ደረሰች። እሱም አንድ የጎማ ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ተጋቡ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ የሚጠቀምበት ጓንት መጀመሪያ የተሠራው ታካሚን ከጀርም ለመጠበቅ ሳይሆን የአንዲት ሴት እጅ እንዳይቃጠል ነበር። ይህን ታሪክ ሳስብ የተሰነጠቀ እጅ "ትንሽ ነገር" የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ዕቃ ስታጥቡ፣ ልብስ ስታሹ፣ በረኪና ስትነኩ ጓንት ይኑር። ግን ጓንት ውስጥ እጅ ያልበዋል፣ ላቡም ራሱ ቆዳውን ያቆጣል፤ ስለዚህ ከጎማው ሥር ስስ የጥጥ ጓንት አድርጉ፣ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ሲሞላም አውልቃችሁ እጃችሁን አናፍሱት። ጓንቱ ውስጥ ውሃ ከገባ ወዲያው ይውለቅ፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ጓንት ውስጥ ታሽጎ መቆየቱ ያለ ጓንት ከማጠብ ይብሳል። የጥጡ ጓንት በየቀኑ ይታጠብ። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ ወይም ገና ሳሙና ሳይለቅ ጓንት አታድርጉ። ላቴክስ የሚባለው የጎማ ዓይነት የሚያሳክካችሁ ከሆነ ናይትራይል ወይም ቪኒል የሚባሉ አሉ።

ብርድ ሲሆንም ጓንት ነው። ሱፉ በቀጥታ ቆዳችሁን ሲነካ የሚያሳክክ ከሆነ ከሥሩ ያው የጥጡን አድርጉ።

የትኛው ቅባት?

እዚህ ላይ ገበያው ግራ ያጋባል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሎሽን የሚባለው አብዛኛው ውሃ ነው፣ ደስ ይላል፣ ቶሎ ይጠፋል፤ ለደረቀ እጅ ግን አቅም የለውም። ክሬም ከሱ ወፈር ይላል። ቅባት የሚባለው እንደ ቫዝሊን ያለው ነው፣ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፣ ያጣብቃል፣ ግን ከሁሉም የበለጠ እርጥበት ይይዛል። በተጎዳ እጅ ላይ የሚያጣብቀው ያሸንፋል።

ቫዝሊን ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል የአሜሪካ ኬሚስት በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ክሬም ወጥቷል፤ ከቆዳ እርጥበት እንዳይተን በማገድ በኩል ግን አሁንም ከፊት ነው። ሽታ የለውም፣ መጠበቂያ ኬሚካል አያስፈልገውም፣ አለርጂ የሚያስነሳውም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። እኔ ስለ እጅ ቅባት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከዚህ እንዲጀምር ነው የምለው። አንድ ድክመት አለው፦ ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ለዚህ ነው እርጥብ እጅ ላይ ተቀቡት የምላችሁ።

ክሬም ከመረጣችሁ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ግሊሰሪን ካለው ጥሩ ነው፣ ውሃ ወደ ቆዳው ይስባል። ሴራማይድ ካለው ያ የጎደለው ጭቃ ነው። ዩሪያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከሆነ ያለሰልሳል፤ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ የጠነከረ ቆዳ ይልጣል፣ ያ ለተረከዝ ይሆናል እንጂ ለተሰነጠቀ እጅ አይሆንም። ዩሪያም ላክቲክ አሲድም ስንጥቅ ላይ ይለበልባሉ፣ ስለዚህ ስንጥቁ እስኪዘጋ ቫዝሊኑን ይዛችሁ ቆዩ።

ሽቶ ያለበትን ተዉት። ሽቶ በክሬም ምክንያት ለሚመጣ አለርጂ ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። እዚህ ጋ የምትሸወዱበት ነገር አለ፦ "አንሴንትድ" የሚል ጽሑፍ ሽታ አይሸታችሁም ማለት ነው እንጂ ሽቶ የለበትም ማለት አይደለም፤ የሌላውን ሽታ የሚደብቅ ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። የምትፈልጉት "ፍራግራንስ ፍሪ" የሚለውን ነው። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለውን መጠበቂያ ኬሚካልም አስታውሱት። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ የመረጠው እሱን ነው፤ በፈሳሽ ሳሙናና በእርጥብ መጥረጊያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ደግሞ ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ ከዕፅዋት የሚወጡ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ራሳቸው ብዙ ሰው ያቆጣሉ።

ውድ ነገር አያስፈልጋችሁም። አንድ ትንሽ ዕቃ ገንዳው አጠገብ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ፣ አንድ አልጋ አጠገብ አስቀምጡ። ቅባት ካልተቀባን አብዛኛውን ጊዜ በስንፍና አይደለም፣ በምንፈልገው ሰዓት አጠገባችን ስለሌለ ነው።

የማታው ሥራ

እጃችሁ ክፉኛ ከደረቀ ማታ ማታ ይህን አድርጉ። ለብ ባለ ውሃ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ንከሩት፣ ሳሙና ሳይገባበት። ፎጣ ላይ ጫን ጫን አድርጋችሁ አውጡት፣ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ አይጥፋ። ቫዝሊኑን በወፍራሙ ተቀቡ። አይበሉባ፣ የጣት ጎኖች፣ የጥፍር ዙሪያ፣ አንጓ፣ ሁሉንም። ከዚያ የጥጥ ጓንት አድርጋችሁ ተኙ። የመጀመሪያው ሌሊት ይከብዳል፣ ስልክ መንካትም አይቻልም። ጠዋት ግን ልዩነቱን በጣታችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቫዝሊንና መሰል ቅባት የጠጣ ጨርቅ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ጓንቱን አድርጋችሁ ምድጃ፣ ሻማ ወይም ሲጋራ አጠገብ አትሁኑ። አንሶላና የትራስ ልብስም ቅባት ስለሚጠጣ አዘውትሮ ይታጠብ።

ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ፣ በተለይ የጣት ጫፍ ላይ፣ ቫዝሊን ቀብታችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። ስንጥቅ ደርቆ ይዳን ተብሎ ክፍት ሲተው ጣቱ በታጠፈ ቁጥር እንደገና ይከፈታል። ተሸፍኖና ረጥቦ ሲቆይ ግን ጠርዞቹ ይለሰልሱና ይገጥማሉ። ፕላስተሩ ከረጠበ ይቀየር።

ባታደርጉት የምለው

ሎሚ እጅ ላይ አትሹ። ሎሚ በጣም አሲዳማ ነው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ያቃጥላል፤ ከሱ የባሰው ደግሞ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ እስከመቋጠር የሚደርስ ቃጠሎ ሊያመጣና ለብዙ ሳምንት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ በተቃራኒው ነው፣ ቆዳው ከሚፈልገው በጣም የራቀ። በስኳርና በጨው መፈተግ የሻከረውን ያለሰልሳል ይባላል፣ ግን የሚላጠው ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፣ የተጎዳ ሽፋን ነው፤ ብትፈትጉት ከሥሩ ያለውን ጨቅላ ቆዳ ታጋልጡታላችሁ። የሚላጠውንም በጥርስ ወይም በጥፍር አትጎትቱ። የወይራ ዘይትን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ በውስጡ ያለው ኦሊክ አሲድ ግን የቆዳውን ስብ ያላላል፣ ስለዚህ ለደረቀ እጅ አልመርጠውም።

ውሃ ጠጡ የሚለው ምክርስ? ውሃ መጠጣት ለሰውነት መልካም ነው። ሳሙና የወሰደውን ወዝ ግን ከውስጥ ጠጥቶ መመለስ አይቻልም።

ስለ ስቴሮይድ

እጁ ሲቀላና ሲያሳክክ ፋርማሲ ሄደን አንድ ትንሽ ቱቦ ይሰጠናል፣ በሁለት ቀን ተአምር ይሠራል፣ ስንተወው ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ያ ቱቦ ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን መቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው። ስቴሮይድ ጠላት አይደለም፣ በትክክል ከተወሰደ የቆዳ ሐኪም ዋና መሣሪያ ነው። ግን አንድ በመቶ ሃይድሮኮርቲሶንና ክሎቤታሶል አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ደካማ ነው፣ ሁለተኛው በጣም ብርቱ ነው፣ ያለ ሐኪም ለወራት ከተቀባ ቆዳን ያሳሳል። ስለዚህ የተሰጣችሁ ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ ስሙን አንብቡ፣ ጠይቁ።

ሐኪም ካዘዘላችሁ ደግሞ መጠኑን እንዲህ ለኩት፦ ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ቱቦው የሚያወጣው መስመር ግማሽ ግራም አካባቢ ነው፣ ያም ለአንድ እጅ ውስጡንም ውጭውንም ይበቃል። ማለስለሻ ቅባቱ ግን በስቴሮይዱ አይተካም፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ፈንገስ ላይ ስቴሮይድ ብቻ ከተቀባ ደግሞ መቅላቱ ይደበቅና ፈንገሱ ከሥር ይስፋፋል፣ ለይቶ ማወቅም ይከብዳል።

ድርቀት ብቻ ላይሆን ሲችል

አንድ እጅ ብቻ ደርቆ ሌላው ደህና ከሆነ፣ በተለይ ሁለቱም እግሮቻችሁ የሚላጡ ከሆነ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የጣቶች መሃል ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ካለና ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያከው ከሆነ እከክን አስቡ፤ እሱ የራሱ መድኃኒት አለው፣ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይታከማል። የጣት ጎኖችና መዳፍ ላይ በጣም የሚያሳክኩ፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ከወጡ አንድ የችፌ ዓይነት ነው። መዳፍ ላይ ዳር ዳሩ በግልጽ የተለየ ወፍራም ቅርፊት፣ ክርንና ጉልበት ላይም ካለ፣ ሶሪያሲስ የሚባል ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል።

አለርጂ ደግሞ ከተራ መቆጣት የሚለየው ለረጅም ጊዜ የተስማማችሁ ነገር ድንገት ሊነሳባችሁ ስለሚችል ነው። የፀጉር ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ ኒኬል ያለበት ብረት፣ የጥፍር ጄል፣ የጓንት ጎማ የተለመዱ ናቸው። ይህን ለማወቅ ሐኪሙ ጀርባ ላይ ትንንሽ ነገሮችን ለጥፎ ለሁለት ቀን ያቆያል፣ ከዚያ አንሥቶ ያያል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶም ደግሞ ያየዋል። በግምት ሳሙና እየቀያየሩ ዓመት ከመቆየት ይህ ይሻላል።

መግል፣ ቢጫ ቅርፊት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ትኩሳት፣ ወይም ከእጅ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ካያችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እነዚህ ከሌሉ ደግሞ የነገርኳችሁን ሁሉ ለሁለት ሳምንት ሳታቋርጡ አድርጋችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ሕመሙ ሥራና እንቅልፍ ከከለከላችሁ፣ ያኔም ሂዱ። ስትሄዱ የምትጠቀሙባቸውን ሳሙናዎች፣ ክሬሞችና ጓንቶች ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ እጁ በጣም በባሰበት ቀን የተነሳም ፎቶ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ቀጠሮው ቀን እጅ ደህና ሆኖ መገኘት ይወዳል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መለብለቡ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀንሳል። ስንጥቁ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ቆዳው ከሥር ታድሶ እስኪወጣ ግን ወር ያህል ይፈልጋል፣ ከውጭ ደህና ከመሰለ በኋላም መከላከያው ሙሉ እስኪሆን ድረስ ወራት ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ፦ እጄ ለሰለሰ ብዬ ጓንቱን ተውኩ፣ ቅባቱን ረሳሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ልብስ አጠብኩ፣ ሰኞ ጠዋት ያው ቦታ፣ ያው መገጣጠሚያ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ እጄ ደህና ሆኖም አራት ወር ሙሉ ጓንቱንም ገንዳው አጠገብ ያለውን ቫዝሊንም አልተውኩም። ዛሬም ቫዝሊኑ እዚያው ነው፤ ልጄም ታጥባ ስትጨርስ እጇን ትዘረጋልኛለች።